ታንክ ማስረጀት በሰንጋ ተራ

ሰንጋ ተራ የሚውል ሰው፣ ሥራውን ምንም ብለህ ጥራው፣ ዞሮ ዞሮ ማሳደስ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ወዲያ እስከ ሜክሲኮ በተኮለኮሉት የባንክ ፎቆች ላይ ጎረምሶች በገመድ ተንጠልጥለው መስታወት ይወለውላሉ። ከሥራቸው ሊስትሮው የስንት ዘመን ጫማ በቀለምና በጨርቅ የትናንት ግዢ ያስመስላል። ከፎቁ ውስጥ ደግሞ እንደኔ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት የእርጅና ቅናሽ በወረቀት ላይ ሲቀንስ ይውላል፤ ንብረቱ ራሱ ግን በየጠዋቱ ይጸዳል፣ ይሰነገላል። ድሮ ሰንጋ ይነዳበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ተቀማጭ ገንዘብ ይደልብበታል፤ የደለበ ነገር ደግሞ ካላብረቀረቀ አያምርበትም።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ አዲስ ዕቃ ከነካርቶኑ አስመጥቶ፣ በገዛ እጁ ጭቃ የሚቀባ፣ በገዛ ብሩሹ ዝገት የሚዘራ ሰው ቢገኝ ጎረቤት ምን ይላል? ብዙ ይላል። ባለቤቴ ከሁሉም ቀድማ ብላለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለማቆሸሽ ከሆነማ ልጆቹ በነጻ ያቆሽሹልህ አልነበር?»

ዕቃው የፕላስቲክ ታንክ ነው። ቲ-55። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሌላው ሽቶና ስልክ ሲያዝ እኔ ታንክ አዘዝኩ። ሻንጣ ሲፈተሽ ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል አፈ ሙዙን ወደ ፈታሹ አነጣጥሮ ተገኘ አሉ። ፈታሹ ከፈተው፣ አረንጓዴ ክፈፎቹን አገላብጦ አየ፣ «ይሄ ሁሉ ይገጠማል?» ብሎ ጠየቀ፣ «ይገጠማል» ሲሉት «እግዜር ትዕግሥቱን ይስጠው» ብሎ አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ሥራ የደረሰኝ ምርቃት ይኸው አንዱ ነው።

በሽቦ መኪና፣ በቆርኪ ጎማና በጭቃ ታንክ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ልዩነቱ ካርቶኑን የሠሩት ጃፓኖች ነገሩን አምርረው መያዛቸው ነው። ሺዙኦካ በምትባል ከተማ ታሚያ የሚባል ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በእንጨት መሰንጠቂያነት ተቋቁሞ፣ ከጣውላ ወደ እንጨት መጫወቻ፣ ከእንጨት መጫወቻ ወደ ፕላስቲክ የተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ በሞተር የሚሄድ አድርገው ሲሠሩ፣ መጠኑን የወሰነላቸው የጦር ሊቅ ወይም መሐንዲስ አልነበረም፤ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ሆዱ ውስጥ ድንጋዮቹ የሚገቡበትን ያህል አሰፉት፤ ሲለካ ከእውነተኛው ታንክ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ሆነ። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ታንክ ገጣጣሚ፣ ቻይናው፣ ዩክሬኑ፣ ጣሊያኑ፣ በዚያ ልኬት ይምላል። የዓለም ደረጃ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ የፈለገ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አያገኝም።

ይህ ቁጥር አንዴ ጭንቅላት ውስጥ ከገባ አይወጣም። መድፉን ጨምሮ 9 ሜትር የሆነው ቲ-55 ጠረጴዛዬ ላይ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቁመተ መካከለኛ ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 209 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እንኳ 6 ሜትር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ቢሆንም ሳሎኔ ውስጥ አይቆምም። ክብደት ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለያል፤ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም እያንዳንዱ 35 ጊዜ ስለሚያንስ ክብደቱ 42,875 ጊዜ ይቀላል። ስለዚህ 36 ቶኑ ታንክ ከብረት ቢሠራ 840 ግራም ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ስኳር አይሞላም። ለባለቤቴ ይህን ሳስረዳት «ስኳሩን ብታመጣው ይሻል ነበር» አለችኝ።

ገጠማውን ብዙ አላወራውም። ከክፈፉ በጥፍር መቁረጫ መንቀል፣ በምላጭ ጠርዙን መላግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ በወረንጦ ይዞ ማጣበቅ ነው። ወረንጦ የሚያስይዘው ቁራጭ ትንፋሽ ከበረታበት ይበርራል። ምንጣፍ ላይ የወደቀ እጀታ ተንበርክኮ የሚፈልግ ጎልማሳ ሲታይ ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል፤ አንዳንዴም እውነትም ነው።

ታንኩ ቆሞ አረንጓዴ ሳይቀባ ገና፣ የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ የውሃ ቆጣሪ ወረቀት ሊያደርሱ ገቡ። ሃምሳ አለቃ ነው የምንላቸው። በደርግ ጊዜ ወታደር እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ የምን ወታደር እንደነበሩ የጠየቀ ግን አልነበረም። ወረቀቱን እንደያዙ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጨርቁን ፈቱ፣ አጠለቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ በጣታቸው ቸርኬዎቹን ቆጠሩ።

«አምስት» አሉ። «በአንደኛውና በሁለተኛው መሃል ሰፋ ይላል። ልክ ነው። ይሄ ክፍተት ወደ ኋላ ከሄደ ቲ-62 ይሆንብህ ነበር። ማን አሳየህ?»

«ካርቶኑ ላይ አለ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ካርቶኑ ያውቃል» አሉ፤ ለጃፓን ድርጅት ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የሚሰጥ አይመስለኝም። ከዚያ አጉራሽ እንደነበሩ ነገሩኝ። ታንክ ውስጥ አራት ሰው አለ፤ ነጂው ከታች፣ ተኳሹና አዛዡ ከመድፉ ግራ ፊትና ኋላ፣ አጉራሹ ብቻውን በቀኝ። ጥይቱ 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ በግራ እጅ ገፍተህ ነው የምታጎርሰው። ይህን በቃል ብቻ አልተዉትም። የሶፋውን መደገፊያ መድፍ አደረጉት፤ ከጓዳው በር አጠገብ የነበረውን የአምስት ሊትር ዘይት ጀሪካን አነሱ፤ ወገባቸውን ሰበሩ፣ ዞሩ፣ በግራ መዳፋቸው ገፍተው ትራሶቹ መሃል ወሸቁት፣ «ዝግጁ!» ብለው ጮኹ። ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ እንደዚያ ሲዞሩ ግን ሳሎኑ ጠበበን። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። በዚህ ዘመን የዘይት ዋጋ ታውቃላችሁ፤ የምትለውን አጥታ ጀሪካኑን ብቻ ይዛ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የኔ ክርክር የሚጀምረው። በውጭው ዓለም ይህን ማስረጀት የሚባለውን ጥበብ እንደ ትልቅ ሊቅነት ያዩታል። ቤልጂጋዊው ፍራንስዋ ቨርሊንደን ቀጭን ጥቁር ቀለም እያፈሰሰና ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ እያበራ ስም አተረፈ፤ ስፔናዊው ሚግ ሂሜኔዝ ቆሻሻን በብልቃጥ እያሸገ እስከ መሸጥ ደረሰ። መጽሐፍ አለው፣ ቪዲዮ አለው፣ ውድድር አለው። እኔም አንብቤያለሁ፣ አይቻለሁ። ግን ዕቃ የት ቦታ እንደሚያረጅ የሚያውቀው ከዕቃው ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በየደጃችን አለ፣ ጠያቂ አጥቶ።

ሃምሳ አለቃን ወስደን እንይ። መጽሐፉ «በጠርዙ ሁሉ ቀለም አላቅቀህ ዝገት ቀባ» ይላል። እሳቸው ይህን ሲያዩ ሳቁ። «እግር በየቀኑ የሚረግጠው ብረት አይዝግም ልጄ። ይነጣል እንጂ።» ከፊት ባለው ፓራፋንጎ ላይ ወጥተን፣ ይሄን እጀታ ይዘን፣ እዚህ ረግጠን፣ በዚህ ክዳን እንገባለን እያሉ በትንሽ ጣታቸው መንገዱን መሩኝ። በዚያ መንገድ ላይ ብቻ በልጆቹ እርሳስ አሸሁት፤ የእርሳሱ ዱቄት ሲታሽ ጥርት ያለ የብረት ንጣት አወጣ። ሰንሰለቱም እንደዚያው ነው። መሬት የሚነካው ፊቱና ቸርኬው የሚሄድበት ይነጣል፤ ጎድጎድ ያለው ይቀላል። አንድ ክረምት ከቆመ ግን ሁሉም ይቀላል። «የቆመ ታንክና የሚሄድ ታንክ መልኩ አንድ አይደለም» አሉ። ያንተ የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ። ቶሎ አልመለስኩም፤ ምክንያቱን ኋላ እናገራለሁ።

ዝገቱን በተመለከተ ወደ ቄራ ገባ ብሎ ያለ የማውቀው ባትላሜራ ዘንድ ሄድኩ። አሳቤ በኮምፕሬሰሩ ነፋ ነፋ እንዲያደርግልኝ ነበር። አረንጓዴውን ነፋልኝ፤ ዝገቱን እንዲነፋ ስጠይቀው ግን መርጫውን አስቀመጠ። «ከኔ ጋራዥ የዛገ ነገር ሲወጣ ደንበኛ ቢያይ ምን ይላል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰውየው ሕይወቱን ሙሉ ከዝገት ጋር ሲታገል የኖረ ነው። ቢሆንም የታገሉትን ነገር ማወቅ አይቀርም። አንድ ኮሮላ ሥር አጎንብሶ አሳየኝ፤ ስቱኮው በማንኪያ ጀርባ ሲመታ ድምፁ ዱብ የሚለው ቦታ ከውስጥ ተበልቷል። ዝገት ብዙ ጊዜ ከውጭ አይጀምርም፤ ብየዳ ካለበት፣ ውሃ ከሚያቁርበት እጥፋት፣ ቡሎን ከገባበት ይጀምርና ቀለሙን ከሥር አሳብጦ ይወጣል። ከሁሉ በፊት ማርሚታውን እይ አለኝ፤ ማርሚታ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቀለም አይዝም። ቲ-55 ማርሚታው በግራ ጎኑ ነው። ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ ያዛግኩት እሱን ነው።

ከሥር የሚያሳብጠውን ለማስመሰል የሚረዳው ነገር የተገኘው ከባለቤቴ መስታወት ፊት ነው። የፀጉር ስፕሬይ። ጥበቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቡናማ የዝገት ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ የፀጉር ስፕሬዩ ይነፋበታል፤ እሱም ሲደርቅ በውሃ የሚበጠበጠው አረንጓዴ ከላይ ይለበጣል። ከዚያ ብሩሽ በለብታ ውሃ ነክረህ ቀስ እያልክ ትነካካለህ። ውሃው በአረንጓዴው ቀዳዳ ሰርጎ ስፕሬዩን ያሟሟዋል፤ አረንጓዴው ሥር ያጣና ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሳል፣ ከሥሩ ዝገቱ ይታያል። ጥፍር የማታህል ቅርፊት ስትነሳ የሚሰማኝን ደስታ ለሰው ብናገር አያምንም። ብዙ ከነካካህ ግን አገር ይላጣል። ባለቤቴ ለሠርግ ልትዘጋጅ ጣሳውን አንስታ ስታናውጠው ባዶ ሆኖ አገኘችው፤ በዚያ ቀን የተባለውን እዚህ አላሰፍረውም።

አቧራ ላይ ስንደርስ ሊቋ ቤታችን የምታግዘን ልጅ ናት። ታንኩን አየት አድርጋ «ጎኑ ላይ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። አቧራ ጎን ላይ አይቆምም፤ ከላይ ያርፋል፣ ጨርቅ የማይደርስበት ማዕዘን ውስጥ ይከማቻል፣ እጅ የሚያዘወትረው ቦታ ላይ ጭራሽ አይኖርም። አቧራን በየጠዋቱ የምታሳድድ ሰው የመደበቂያውን አድራሻ ታውቃለች። የጎኑን ጠረግኩት።

ግን የምን አቧራ? ሚግ የሚሸጣቸው ብልቃጦች ላይ የአውሮፓ አቧራ፣ የቬትናም አፈር፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት አሸዋ የሚሉ ስሞች አይቻለሁ። የኢትዮጵያ አፈር የሚል አላየሁም። ለነገሩ የአገራቸው አፈር በፈረንጅ ጫማ ተጣብቆ እንዳይወጣ ያሳጠቡ ነገሥታት ተረት ሲነገርልን ያደግን ሰዎች፣ አፈራችን በዩሮ ባለመሸጡ ቅር ልንሰኝ አይገባም። ከደጅ አነሳለሁ ብዬ ወረድኩ። ሰንጋ ተራ ውስጥ አቧራ ፈልጎ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የኮሪደር ልማቱ እግረኛ መንገዱን በንጣፍ አልብሶታል፣ አበባው ሥር ያለው አፈር እንኳ እርጥብና የተመረጠ ነው። የቀድሞው ሰንጋ ተራ አቧራ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ሳትጠይቀው።

ስለዚህ ካዛንቺስ ሄድኩ። በ2017 ሰፈሩ ሲነሳ ከቀሩት ባዶ ቦታዎች በአንዱ ዳር በፌስታል ዘግኜ መጣሁ፤ ደቃቅ፣ ነጣ ያለ፣ ለብሩሽ የተመቸ። ሃምሳ አለቃ በጣታቸው አሸት አድርገው አሸተቱት። ኖራ አለበት፣ ሲሚንቶ አለበት፣ የግድግዳ ቀለም ፍርፋሪ አለበት።

«ይሄ የጦር ሜዳ አቧራ አይደለም» አሉ። «ይሄ የሰው ሳሎን ነው።»

ፌስታሉን አሰርኩት።

አፈሩን በመጨረሻ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ለተዝካር ወደ ሰሜን ወሎ ሄደው ሲመለሱ በሃይላንድ ሞልተው፣ ክዳኑን በላስቲክ አጥብቀው። የዋሉበት ግንባር ያ ነው፤ «እኔ ያለሁበት ታንክ የሌላ አገር አቧራ አይለብስም» ብለዋል። በወንፊት ነፋሁት፣ ከዘይት ቀለምና ከቲነር ጋር አቅጥኜ ስንጥቆቹ ውስጥ ለቀቅኩት፤ በየብየዳው እግር ራሱ እየሮጠ ገባ። የደረቀውን ከላይ ነሰነስኩና በቲነር ጠብታ አስያዝኩት። የሰንሰለቱ ጥርስ ውስጥ የገባው ጭቃ ከጄሶ ጋር የተለወሰ ነው። እውነት ለመናገር ከብልቃጡ የተሻለ መሆኑን በብሩሽ አላውቀውም፤ ሃምሳ አለቃ አይተው ዝም ማለታቸው ግን በቂዬ ነው።

ዝም የማይሉበት ሌላ ነገር ነበር። እኔ መጀመሪያ አስቤው የነበረው የተቃጠለ ታንክ ነው። ገጣጣሚዎች ይወዱታል፤ ጎማው ቀልጦ የወደቀ፣ ከላይ እስከ ታች የቀላ፣ ማማው የተዘነበለ። ለዝገት ችሎታ ማሳያ እንደሱ ያለ የለም። ምሳሌውም ሩቅ አይደለም፤ ወደ ሰሜን በሚወስዱት መንገዶች ዳር የቆመ የዛገ ታንክ ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ከላዩ እረኛ ተቀምጦበት፣ ከሥሩ ፍየል ተጠልሎበት። ታንክ ማስረጀትም ለአገራችን አዲስ ሙያ አይደለም። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያኑን ሻለቃ የክሪኒቲን ታንኮች ሲከብ ፀረ ታንክ መድፍ አልነበረውም። ታንኮቹ ኤል-3 የሚባሉ ነበሩ፤ 3 ቶን ገደማ፣ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ቁመታቸው ከሰው ደረት ብዙ የማያልፍ። መትረየሳቸው ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚያየው፤ ጎኑንና ጀርባውን አያይም። የኛዎቹ ይህን ለማወቅ ካርቶን አላነበቡም፤ በጎንና በኋላ ዞረው ላዩ ላይ ወጡበት። ያንን ኤል-3 በ1/35 ቢሠሩት 9 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ሰዎቹን በዚያው ልኬት ማን ይሠራቸዋል የሚለውን ግን አላውቅም፤ ከታንኩ በላይ መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸውና።

የተቃጠለውን አሳብ ለሃምሳ አለቃ ስነግራቸው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ውስጡ ማን ነበረ?»

«ማንም፣ ሃምሳ አለቃ። ፕላስቲክ ነው።»

«ማንም ከሌለበት ለምን ታቃጥለዋለህ? ይሂድ።»

የሚሄድ ታንክ ሆነ። የተነጣውም ሰንሰለት የመጣው ከዚያ ነው።

የሚሄድ ታንክ ደግሞ ጓዝ አለው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ጓዝ ከኋላ የሚታሰረው ግንድና ሁለት የነዳጅ በርሜል ብቻ ነው፤ ሃምሳ አለቃ ይህን እንደ ስድብ ነው ያዩት። ብርድ ልብስ የለም? ጣሳ የለም? ማንቆርቆሪያ የለም? ብርድ ልብሱን ከሶፍት ወረቀት ጠቅልዬ ሠራሁት። ማንቆርቆሪያውን ከቆርቆሮ ቁራጭ ቀጠቀጥኩት፤ አፍንጫው ከመርፌ ጫፍ ነው። ጥላሸት ከሥሩ ቀባሁ። ጀሪካን በገመድ አሰርኩ። እሳቸው እያንዳንዱን በመነጽራቸው እየመረመሩ፣ ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ ወይ ወደ ግራ እንዳደርገው በጣታቸው ይጠቁማሉ፤ በቀኝ በኩል ከሆነ አጉራሹ ሲወጣ እግሩ ይመታዋል።

«ኮቾሮስ?» አሉ በመጨረሻ።

የወታደር ስንቅ የሆነውን ያንን ደረቅ ዳቦ ያልቀመሰ ሰው እንኳ ዝናውን ሰምቷል። የስንት ሳንቲ ነው አልኳቸው፤ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ከፍተው አሳዩኝ፤ በማስመሪያ ለካሁት፣ ለ35 አካፈልኩ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ መጣ። የተጋገረ ዳቦ ቅርፊት በምላጭ ከትፌ፣ አራት ማዕዘን አውጥቼ፣ በቫርኒሽ አጠነከርኩት። ብዙ ሠርቼ ስለነበር በወረንጦ እያነሳሁ ማማው ጀርባ ባለው ጣሳ ውስጥ ደረደርኩለት፤ ሞልቶ እስኪተርፍ።

ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አጠለቁ። ጎንበስ አሉ። አንድ በአንድ ቆጠሩት።

«በዛ» አሉ። «ቀንስ። ይሄን ያህል ሰጥተውን አያውቁም።»